ነፋስ እንዳይመታት

አራስ ሊጠይቅ ሄዶ ራሱ ተጠያቂ ሆኖ የተመለሰ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሆኜ አይቼዋለሁ። «ተጠያቂ» የሚለውን ቃል በሁለቱም ፍቺው ውሰዱልኝ።

ባለፈው ነሐሴ የእህቴ ልጅ ሰቆጣ ላይ ወለደች። የበኩር ልጇ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ በላሊበላ በኩል አድርጌ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ተንገላትቼ ስደርስ ሕፃኑ ገና 12 ቀኑ ነበር። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። የዋግን ብርድ የማያውቅ ሰው «ሰቆጣ» ሲባል የሚታየው ድርቅና ጠራራ ፀሐይ ነው። እርግጥ ወደ ተከዜ ወረድ ሲሉ የአበርገሌና የዝቋላ ቆላ ያቃጥላል። ከተማዋ ግን የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በክረምት ማታ፣ ዝናብ ተጨምሮበት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለን ገባን። የገባንበት ቤት አዲስ ነው። ባሏ አስተማሪ ነው፤ ከደመወዙ እየቆጠበ፣ እየተበደረ፣ በሦስት ዓመት ያቆመው ቤት ነው። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ ተለስኗል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ። በሩና መስኮቱ ብረት። ልጁ ኩራቱን መደበቅ አልቻለም፤ «ጋሼ፣ አየህ? አንዲት ቀዳዳ የለችውም» እያለ የመስኮቱን ዳር በጣቱ እየዳሰሰ አሳየኝ። እኔም «በርታ፣ ቤት ማለት እንዲህ ነው» አልኩት። ይቺን አባባሌን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የአራሷ ክፍል አራት በአራት ቢሆን ነው። አልጋው ጥግ ላይ፣ ወፍራም መጋረጃ በመስኮቱ ላይ፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በቆራጭ ጨርቅ ተወትፏል። በበሩ ሥር ደግሞ የታጠፈ ጆንያ ተጋድሟል። መሐል ወለሉ ላይ ከሰል ምድጃው ፍም ተሞልቶ እንደ ጀምበር መጥለቂያ ቀልቷል። እላዩ ላይ ቡና ተጥዷል። ከጎኑ እጣን ይጨሳል። አማቷ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ እኔ፣ ባሏ፣ እሷና ሕፃኑ። ሰባት ነፍስ። አማቷ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር «ዝጋው፣ ዝጋው፣ ነፋስ እንዳይመታት!» ይላሉ። ዘጋነው። እጄን ወደ ፍሙ ዘርግቼ «ዓለም ማለት ይኼ ነው» አልኩ።

አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። መጀመሪያ ራሴን ከበደኝ። «መንገዱ ነው» አልኩ ለራሴ፤ አሥራ ምናምን ሰዓት መኪና ላይ የተንገላታ ሰው ራሱን ባያመው ነው የሚገርመው። ቆይታ እህቴ ልጅ «ራሴን ፈለጠኝ» አለች። አማቷ «ደም ፈሷታል፣ ድካም ነው» አሉ። አንደኛዋ ጎረቤት እሷንም ሲያማት ጊዜ «ሁለተኛው ቡና ሳይወርድ ቆይቶ ነው» ብላ ሳቀች። ሌላዋ ደግሞ ድምጿን ቀነስ አድርጋ ዓይን እንዳይሆን ፈራች። ልብ በሉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ራሱን እያመመው አራት ምክንያት ነው ያገኘንለት። ሁሉም ምክንያት ያሳምናል። አንዱም ትክክል አይደለም።

ሕፃኑስ? ሕፃኑ ተኝቷል። ሲነኩትም አይነቃም። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ማልቀስ እንኳ አያውቅ!» ብለን አመሰገንነው። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይቀዘቅዛል።

በዚህ መሐል የእናቴ ታላቅ እህት ደረሱ። ከደጋው፣ ከገጠር፣ ከዘመድ ጋር በእግርም በመኪናም አድርገው የመጡ፣ ሰማንያውን የዘለቁ ባልቴት ናቸው። ገብተው ከተቀመጡ ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱና ቤቱን ዙሪያውን ማየት ጀመሩ። ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ ባሏን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይኼ ቤት ጢሱ በየት ነው የሚወጣው?»

«እማማ፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል እኮ፤ ጢስ የለውም» አላቸው።

«ጢስ ከሌለውማ ምኑ ነው ራሴን የሚያዞረኝ?»

ይህን ብለው በሩን በርግደው ወጡ። አማቷ ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ ይመታታል!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔም በሩን ልዘጋ ብድግ አልኩ። ብድግ ስል ጉልበቴ ከዳኝና የበሩን መቃን ይዤ ቀረሁ። የቀዘቀዘ አየር ፊቴን ሲመታኝ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ተማሪ ፊት ቆሜ ስተርከው የኖርኩት አንድ ታሪክ ድንገት ትዝ አለኝ። የትዝታውን ምንነት ከማስረዳቴ በፊት ግን ያደረግነውን ልጨርስ።

ምድጃውን አንስተን ዝናቡ ላይ ጣልነው። በሩንም መስኮቱንም ከፈትን። እናትየዋን ደግፈን ስናስነሳት አስመለሳት። ሕፃኑን በረንዳ ላይ አውጥተን ጀርባውን እያሸን ስሙን ጠራን፤ ስም እንኳ ገና አልወጣለትም፣ «ማሙሽ፣ ማሙሽ» ነው ያልነው። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ አለቀሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። አማቷ «የ12 ቀን አራስ በሌሊት ዝናብ ታወጣላችሁ?» ብለው መንገድ ላይ ቆሙ። በትህትና አለፍናቸው። በባጃጅ ሕክምና ወሰድናቸው፣ ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ በማግስቱ ሁለቱም ደህና ሆነው ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ታሪኩ ይኸውላችሁ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን፣ ስለ ፈረንሳዊው ደራሲ ስለ ኤሚል ዞላ ሳወሳ ተማሪዎቼ እንዳያንቀላፉ አሟሟቱን አስከትዬ እነግራቸው ነበር። ዞላ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው «ዠርሚናል» በተባለው ልብወለዱ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎችን ኑሮ የጻፈ ሰው ነው። በ1898 «እከሳለሁ» በሚለው ደብዳቤው ያለ ኃጢአቱ ለተፈረደበት መኮንን ለድሬፉስ ተሟግቶ አገሩን አናወጠ። በመስከረም 1902 ከገጠር ቤቱ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ብርድ ስለነበረ መኝታ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነደደ፣ በርና መስኮት ተዘጋ፣ የጭስ መውጫው ግን ተደፍኖ ነበር። ሌሊት ላይ ሚስቱን አሌክሳንድሪንን አመማት፤ አገልጋይ እንጥራ ብትለው ሰው አንቀስቅስ፣ ሲነጋ ይሻለናል አላት። መስኮት ሊከፍት ተነስቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። እሷ ተረፈች፣ እሱ ሞተ። ጠላቶቹ ሆን ብለው ደፍነውበት ይሆን እያሉ እስከ ዛሬ የሚጠረጥሩ አሉ።

ይህን ስንት ጊዜ ተረኩት! ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኝ ነበር። እኔ ግን፣ ይኸው ሰቆጣ ላይ፣ «ቤት ማለት እንዲህ ነው» ብዬ ቀዳዳ የሌለውን ቤት አመሰገንኩ፣ እጄን ወደ ፍሙ ዘረጋሁ፣ ራሴን ሲያመኝ መንገዱን ከሰስኩ፣ በሩን ልዘጋም ተነሳሁ። ያዳነን ፊደል ያልቆጠሩት አክስቴ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። መማር ማለት ታሪኩን ማወቅ ሳይሆን ታሪኩ ቤት ድረስ ሲመጣ ማወቅ መሆኑ የገባኝ በዚያ ሌሊት ነው።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው? ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ከዚያ ወዲህ የጠየቅሁትንና ያነበብኩትን ልንገራችሁ። ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይሰጣል። አየር ሲያጥረው፣ ወይም የተፈጠረው ጋዝ በጋለው ከሰል መሐል ሲያልፍ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ፍሙ ላይ አንዳንዴ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው፤ ያልነደደው ወደ ቤቱ ይገባል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። እጣን ባይጨስ ኖሮ እንኳ አናሸተውም ነበር።

ሥራው ደግሞ እንዲህ ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚጭን ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። እንደ ሚኒባስ ቁጠሩት። ኦክስጅን ይሳፈራል፣ መውረጃው ሲደርስ ይወርዳል፣ ባዶው ወንበር ለሌላ ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ወንበሩን የሚጨብጥ ተሳፋሪ ነው፤ አንዴ ከተቀመጠ አልወርድም ይላል። ሚኒባሱ ይመላለሳል፣ ሞልቷል፣ ኦክስጅን ግን ፌርማታው ላይ ቆሞ ቀርቷል። ንጹህ አየር ላይ ወጥተን እንኳ ከገባው ግማሹ እስኪወርድ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ሕክምና ቤት ንጹህ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ይህ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ «አየር ከወሰደች ይበቃታል» አይባልም። ነገሩ ተንኮለኛ ነው፤ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ራሱ ይሸወድና ደህና ነው ይላል። የሞላውን ወንበር እንጂ የተሳፈረውን ሰው ማንነት አይለይምና። ለዚህ ነው «ከሰል ነበር» ብሎ ለሐኪሙ መናገር የሚያስፈልገው።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ሰቆጣ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሲጀመርም ፌርማታው ላይ የሚጠብቀው ኦክስጅን ያነሰ ነው ማለት ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጎዳሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ከፍታ ላይ፣ በተዘጋ ክፍል፣ ደም የፈሰሳት እናትና የ12 ቀን ሕፃን። በፍቅር ተሰብስበን፣ ቡና እየጠጣን፣ ምን ስናደርግ እንደነበር አስቡት።

ቋንቋ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በየክረምቱ ጋዜጣና ሬዲዮ «በከሰል ጭስ ታፍነው ሕይወታቸው አለፈ» ይላሉ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽንም ብርድ በመጣ ቁጥር ያስጠነቅቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው 939 ይደውላል። ማስጠንቀቂያው መልካም ነው። ችግሩ «ጭስ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ጭስ ሲባል ሰው ሁሉ ዓይን የሚያስለቅሰውን፣ ጥቁሩን ነው የሚያስበው። ስለዚህ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ፍም ሲሆን «አሁን ደህና ነው» ብሎ ወደ ቤት ያስገባዋል። የሚገድለው ግን ጭሱ ካለቀም በኋላ አለ። ያ አስተማሪ «ጢስ የለውም» ያለው ዋሽቶ አይደለም፤ ቃሉ ነው ያሳሳተው።

ሁለተኛው ቃል «ነፋስ» ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ከጦር ይልቅ ነፋስ የምንፈራ ሰዎች ነን። ሚኒባስ ውስጥ 12 ሰው ታጭቆ፣ ላብና ትንፋሽ ተደባልቆ፣ አንዱ መስኮት ቢከፍት «ኧረ ዝጋው፣ ነፋስ ይመታናል» የሚል አይጠፋም። የሚያስቀው ግን ይኸው ቋንቋ «ነፋስ ልቀበል ወጣሁ» ሲል ደግሞ ነፋሱን እንደ እንግዳ ይቀበለዋል። ውጭ ስናገኘው ወዳጅ፣ ቤት ሲመጣ ገዳይ። ለአራስ ብርድ ክፉ መሆኑን አልክድም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል፣ ብርድም ይገድላል። አማቷ የሚያውቁትን አውቀው ነው የሚጮኹት። ስህተቱ ብርድን መፍራታቸው ላይ ሳይሆን ከብርድና ከአየር መሐል ልዩነት አለመኖሩ ላይ ነው።

ታዲያ አያት ቅድመ አያቶቻችን ምድጃ መሐል ቤት አንድደው አልነበር የኖሩት? ነበር። አክስቴ ዛሬም እንዲሁ ይኖራሉ። ግን ቤቱ ሌላ ነው። ሳር ክዳኑ ይተነፍሳል፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በግድግዳውና በክዳኑ መሐል ክፍተት አለ፣ የእንጨት በሩም ነፋስ ያስገባል። እንጨቱና ኩበቱም ይጨሳል፤ ሲበዛ ዓይን ያቃጥልና ሰው በራሱ ጊዜ ይወጣል። ጭሱ ደወል ነው ማለት ነው። እኛ ቤቱን ለወጥነው፣ ጥብቅ አደረግነው፣ ኮርኒስ መታንበት፣ ብረት ገጠምንበት። ማገዶውንም ወደ ከሰል ለወጥን፤ ደወሉን ዝም አሰኘነው። እሳቱን ግን መሐል ወለል ላይ እንደነበረ ተውነው። ቤቱ ተሻሽሎ፣ እሳቱ ሳይሻሻል ቀረ።

የድሮው ይሻላል ማለቴም አይደለም፤ ናፍቆት ዓይን ያጨልማል። የእናቶቻችን ዓይን የቀላው፣ ሳላቸው የማይለቀው በዚያው ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶ በሚመጣ የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የሳር ቤቱ ጭስ በዓመታት ይገድላል፣ የብሎኬት ቤቱ ከሰል በአንድ ሌሊት። ምርጫው በሁለቱ መሐል መሆን የለበትም።

«ፈረንጅ አገርስ?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ዴንቨር ከተማ ወዳጄ ቤት ሰነበትኩ። ምድር ቤቱ ውስጥ ቤቱን ሁሉ የሚያሞቅ የጋዝ ማሞቂያ አለ። የሚቀመጥበት ክፍል በር በአግድም የተሰነጣጠቀ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው እሱም አያውቀውም፤ እንዲያውም በሩን በሻንጣና በካርቶን ደፍኖታል። በኋላ ነው የገባኝ። እዚያ አገር የግንባታ ደንቡ እንዲህ ዓይነቱ ማሞቂያ ያለበት ጠባብ ክፍል ከቤቱ አየር የሚወስድ ከሆነ ሁለት ቀዳዳ እንዲኖረው ያዛል። አንዱ ከጣሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ ሌላው ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ። እያንዳንዱ ቢያንስ 25 በ25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ማሞቂያው ሲተልቅ ቀዳዳውም ይሰፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እሳት ይበላል፣ የሚበላውም አየር ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ከታች ይገባል። እሳቱ ከተራበ መርዝ ይተፋል። ያውም ይህ ሁሉ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ ለሚያወጣ ማሞቂያ ነው!

ወዳጄ ቤት ሌላም ነገር አየሁ። ኮርኒሱ ላይ የተለጠፈው የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ወጥቷል። «ምን ላድርግ፣ ቡና ስንቆላ፣ እጣን ስናጨስ እየጮኸ አላስቀምጥ አለን» አለኝ። አብረን ሳቅን። ዛሬ አልስቅም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በቴክሳስ ግዛት ያልተለመደ በረዶ ወርዶ መብራት ሲጠፋ፣ ሰው ብርዱን ሸሽቶ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሳ፣ የሥጋ መጥበሻ ከሰል ቤት አስገባ። በዚያው ጋዝ ከሞቱት መሐል የኛ ሰዎችም ነበሩበት። ባለጠጋ አገር መሆን አላዳነም። መብራት ሲጠፋ የሰው ልጅ ሁሉ ወደ ፍም ይሰበሰባል።

ዋግ መብራት መጥፋትን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አካባቢው ለረዥም ጊዜ ከኤሌክትሪክ ተቋርጦ ነበር። ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣና ዙሪያዋ ተጠልለው ድንኳን ውስጥ ከርመዋል። ድንኳን ውስጥ ከሰል ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ከእንግዲህ አልነግራችሁም። ለነሱ «ከሰል አታንድዱ» ብሎ መስበክ ግን ሌላ ነገር ሳይሰጡ ሸማ እንደ መግፈፍ ነው። ብርድ የመታው ሰው የሚፈልገው ምክር ሳይሆን ሙቀት ነው።

ስለዚህ ሊደረግ የሚቻለውን ብቻ ልናገር። አንደኛ፣ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይደር፤ ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም ከውስጥ ይሠራል። ሁለተኛ፣ መስኮት ገርበብ ማድረግ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይደለም፤ የከሰል ምድጃ ጭስ ማውጫ ቧንቧ የለውምና የሚተፋው ሁሉ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። ቡናው በረንዳ ላይ፣ በር አፍ ላይ ይፈላ። ጎኑ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም ይህን ጋዝ አያስቀረውም። ሦስተኛ፣ አንድ ቤት ውስጥ ካንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ካዞረው፣ ቡናንና ዓይንን ከመክሰሳችን በፊት ሁሉም ይውጣ። አራተኛ፣ ሕፃን ለማሞቅ እሳት አያስፈልግም። ሐኪሞች እንደሚመክሩት ሕፃኑን ራቁት ገላውን ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቆ፣ ከላይ በጋቢ መሸፈን ነው። የእናት ገላ ምንም ሳይነድ የሚሞቅ ምድጃ ነው።

የሰቆጣ ስም ዛሬ በየስብሰባው ይጠራል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ስለሚበሉት ቃል ከተገባ፣ ስለሚተነፍሱትም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አራስ ሲጠይቁ ምድጃው የት እንዳለ ዓይናቸውን ጣል ያድርጉ። የቤት ፕላን የሚያጸድቀው ባለሙያም ከካርታው ላይ የበሩን ስፋት ብቻ ሳይሆን የአየሩን መግቢያና መውጫ ይፈልግ። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ጎረቤታችን ላሊበላ ላይ ቤተ ማርያምን ከአንድ ዐለት የፈለፈሉት ሰዎች፣ ድንጋዩ እያስቸገራቸው፣ በመስቀል ቅርጽ መስኮት አውጥተውለታል። እኛ ብሎኬት እየደረደርን አንዲት ቀዳዳ መተው እንዴት ያቅተናል?

ከሰቆጣ ከመመለሴ በፊት አስተማሪው ብየዳ የሚሠራ ሰው ጠርቶ ከመስኮቱ በላይ አንድ፣ ከበሩ በታች አንድ በወንፊት የተሸፈነ መተንፈሻ አስወጣ። «አንዲት ቀዳዳ የለችውም» ይል የነበረ ሰው ቀዳዳ ሲያስቆፍር ማየት ከባድ ነው፤ በያንዳንዱ የመዶሻ ምት ፊቱ ይኮማተር ነበር። ምድጃው በረንዳ ላይ ወጣ። አማቷ ሦስት ቀን ኮርፈው ከረሙ። በአራተኛው ቀን ቡናው በረንዳ ላይ ሲፈላ መጥተው ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ግን ነው። የላይኛውን መተንፈሻ ቀና ብለው እያዩ «ሌሊት ሌሊት እንኳ በጨርቅ ቢደፈን ምን አለበት?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። አክስቴ ብቻ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ ያንኑ ጥያቄ በእርጋታ ደገሙት።

«እሱስ ደግ። ከዚያ በየት ይወጣል?»

እንግዲህ ዛሬ ማታ በራችሁን ስትዘጉ እናንተም ቤታችሁን ዙሪያውን እያያችሁ ይህችን ጥያቄ ጠይቁልኝ። ቸር እንሰንብት።